ጡረተኛ ወታደር አባታችን ከተቀመጡበት ሲነሱ ግፊታቸው ይወርዳል፤ የጦር ሜዳ ቁስል ነው ወይስ መድኃኒቱ?

ጥያቄ፦ የሃምሳ አለቃው ልጅ (አዳማ)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት።

አባታችን በደርግ ዘመን ሠራዊቱን የተቀላቀሉ፣ በ1990 ዓ.ም. በባድመ ምክንያት ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ዳግም ተጠርተው የዘመቱ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ከግንባር የተመለሱት ግራ እግራቸውን በፈንጂ ፍንጣሪ ተመትተው ሲሆን፣ ባታቸው እስከ ዛሬ ከቀኙ የቀጠነ ነው። አሁን ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ተጠግቷል፤ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ካደረባቸውም ብዙ ዓመታት አልፈዋል።

ያስጨነቀን ሲነሱ የሚያጋጥማቸው ነገር ነው። ተቀምጠው ሲጫወቱ፣ ሬዲዮ ሲያዳምጡ፣ ቡና ሲጠጡ ምንም የጎደለባቸው አይመስሉም። ከበርጩማው ወይም ከአልጋው ብድግ ሲሉ ግን ዓይናቸውን ያጨልማቸዋል፣ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል፣ የበሩን መቃን ይዘው ትንሽ ይቆማሉ፤ ከዚያ ይለቃቸዋል። ቆመው ከቆዩ ደግሞ ማጅራታቸውንና ትከሻቸውን ይጨመድዳቸዋል። ጠዋት ጠዋት ይብሳል፤ ሙቀቱ ሲበረታና ምሳ በልተው ሲነሱም እንዲሁ ነው። በቅርቡ ሌሊት ለሽንት ወጥተው ሲመለሱ በረንዳው ላይ ወድቀው ቅንድባቸው ተሰፍቷል። ቤተ ክርስቲያንም ከስግደት ቀና ሲሉ ተንገዳግደው ሰዎች ደግፈው አስቀምጠዋቸዋል።

ክትትል የሚያደርጉበት ጤና ተቋም ግፊታቸውን የሚለካው ሁልጊዜ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ መድኃኒት ይጨመርላቸዋል። ማዞሩን ሲናገሩ «ደም ማነስ ይሆናል» ተብለው፣ ደማቸው ሳይመረመር የአይረን እንክብል ተሰጣቸው። አሁን የሚወስዱት ለግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለስኳር ሜትፎርሚን፣ ማታ ማታ ለእግራቸው ሕመምና ለእንቅልፋቸው አሚትሪፕቲሊን፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ ደግሞ ለፕሮስቴት ታምሱሎሲን ነው። እግራቸው ሲጠዘጥዛቸው ዳይክሎፌናክ ገዝተው ይውጣሉ።

ቤተሰቡ በሁለት ተከፍሏል። ታላቅ ወንድሜ የግፊቱ መድኃኒት በአስቸኳይ ይቁም ይላል፤ እናታችን ደግሞ ከቆመ ስትሮክ ይመታቸዋል ብላ ትፈራለች። እሳቸው ራሳቸው «የጦር ሜዳው ነገር ነው፣ ከእኔው ጋር ያረጃል» ብለው ዝም ይላሉ። እውነት ከቁስላቸው ጋር የተያያዘ ነው? መድኃኒቱስ ቢቆም ይሻላል? የሚያውቅ ሰው ቢመልስልኝ ውለታው ትልቅ ነው።

መልስ፦ ነርስ፣ ተመላላሽ ሕክምና (አዳማ)

እህቴ፣ የአባትሽ ችግር ወንበር ላይ ሲለካ አይታይም፤ የሚታየው ተኝተውና ቆመው ሲለኩ ነው። በተመላላሽ ክፍል ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ሰውን አስተኝቶ ለመለካት አልጋም ጊዜም ይጠፋል። ይህ ምክንያት ነው እንጂ ማመካኛ ሊሆን አይገባም፤ «ስነሳ ያዞረኛል» የሚል አረጋዊ ቆሞ ሳይለካ ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም ብዬ አምናለሁ፤ መድኃኒት የሚጨመርለት ከሆነማ ጭራሽ።

በክንድ ላይ የሚታሰር መለኪያ ካላችሁ ወይም ከጎረቤት ከተገኘ ቤታችሁ ለኩ። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ ቢያንስ 5 ደቂቃ በጀርባቸው ተኝተው ከቆዩ በኋላ ግፊታቸውንና የልብ ምታቸውን መዝግቡ። ከዚያ ይቁሙና በ1ኛው ደቂቃና በ3ኛው ደቂቃ እንደገና ለኩ። ሲቆሙ ክንዳቸውን ወደ ታች አንጠልጥለው ከተለካ ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ስለሚወጣ፣ አንድ ሰው ክንዳቸውን በልብ ትይዩ ደግፎ ይያዝላቸው፤ ሌላ ሰው ደግሞ ከጎናቸው ይቁም። ካዞራቸው ልኬቱ ይቅርና ወዲያው ይቀመጡ። በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ሐኪሞች ከመቆም ጋር የሚመጣ የግፊት መውረድ የሚሉት ይኸው ነው። ያገኛችሁትን ጻፊልን።

መልስ፦ ጡረተኛው (አዳማ)

ልጄ፣ እኔም ከዚያው ጦርነት የተመለስኩ ነኝ። የምጽፍልሽ አባትሽ ለምን ዝም እንደሚሉ ስለሚገባኝ ነው።

ወታደር ሲጠራ ብድግ ማለትን የሚማረው ገና በምልምልነቱ ነው፤ ጡረታ ሲወጣም ይህ ከአካሉ አይወጣም። በዚያ ላይ የአገራችን ወግ አለ። የእድር ድንኳን ውስጥ ታላቅ ሰው ሲገባ «ኖር» ብሎ መነሳት ደንብ ነው፤ የገባውም «በእግዜር» ብሎ እስኪያስቀምጠን ድረስ እንቆማለን። በአዳማ ሙቀት፣ በሸራ ሥር፣ ዝቅ ባለ አግዳሚ ላይ ረጅም ሰዓት ተቀምጦ የቆየ ሽማግሌ እንዲህ ደጋግሞ ብድግ ሲል ምን እንደሚደርስበት በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ ደግሞ «አዞረኝ» ማለትን እንደ ድካም ስለምንቆጥረው ለሐኪምም አንናገርም። ስለዚህ ቀጠሮ ሲሄዱ ልጅ አብሮ ይግባ፤ የወደቁበትን ቀን የሚያስታውሰው ልጅ ነው።

ሌላው የሌሊቱ ነገር ነው። ብዙዎቻችን እንቅልፋችን ሰላም የለውም፤ በቅዠት የነቃ ሰው ሳያስበው ከአልጋው ዘሎ ይወርዳል። ነቅተው እግራቸውን አልጋው ጠርዝ ላይ አንጠልጥለው ትንሽ እንዲቆዩ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሱ ባታቸውን ጨመቅ ለቀቅ እንዲያደርጉ ንገሪያቸው። ውጭ ያለው መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ ከዚያ መነሳቱ ከአልጋ ከመነሳት የባሰ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ፖፖ አልጋቸው ሥር ይቀመጥላቸው፣ እሱንም ቆመው ሳይሆን ተቀምጠው ይጠቀሙ። ይህን ስትነግሪያቸው እንደ ሕፃን የተቆጠሩ እንዳይመስላቸው፣ የሐኪም ትእዛዝ ነው በያቸው፤ ትእዛዝ ያከብራሉ።

የሃምሳ አለቃው ልጅ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት መድኃኒታቸውን ሳይወስዱ እንደተባለው ለካን። ተኝተው 158 በ88፣ የልብ ምት 72፤ በቆሙ በ1ኛው ደቂቃ 128 በ76፤ በ3ኛው ደቂቃ 122 በ74፣ የልብ ምት 78። በ3ኛው ደቂቃ ላይ ማጅራታቸውን እንደጨመደዳቸው ተናገሩና አስቀመጥናቸው።

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም (ሐዋሳ)

የጻፉልን ቁጥሮች ብዙ ነገር ይናገራሉ። ሳላያቸው መድኃኒት መለወጥ ስለማልችል የምጽፈው ለሐኪማቸው የምታቀርቡት ጥያቄ የጠራ እንዲሆን ነው።

ሰው ከተኛበት ሲቆም ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። በአንገት ባሉት ትላልቅ የደም ቧንቧዎችና ከልብ በሚነሳው ዋና ቧንቧ ላይ ግፊትን የሚለዩ የነርቭ ጫፎች አሉ፤ መውረዱን በቅጽበት ያውቁና ልብ እንዲፈጥን፣ የደም ቧንቧዎችም እንዲጠቡ መልእክት ያስተላልፋሉ። የባት ጡንቻም ሲኮማተር ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። የአባትዎ የላይኛው ግፊት በ36 ሲወርድ የልብ ምታቸው የጨመረው ግን በ6 ብቻ ነው። ከጻፏቸው መድኃኒቶች ውስጥ የልብ ምትን የሚያዘገይ የለም፤ ነርቮቹ ጤነኛ ቢሆኑ ኖሮ ለዚህን ያህል መውረድ ቢያንስ 18 ያህል ምት መጨመር ነበረበት። ስለዚህ የውኃ ማነስ ወይም የመድኃኒት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፣ መልእክቱን የሚያደርሱት ነርቮችም የተጎዱ ይመስላል። በዚህ ዕድሜ ለዓመታት የቆየ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ስኳሩ ራሱ ነው። የእግራቸውም ሕመም ሁሉ ከቁስሉ ነው ተብሎ ባይደመደም መልካም ነው፤ ያልቆሰለውንም እግር ጭምር የሚያቃጥላቸው ወይም የሚያደነዝዛቸው ከሆነ የነርቭ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመታት ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12 መጠንን ስለሚቀንስ፣ በተለይ ብዙ ለሚጾም ሰው ይህም ቢመረመር ተገቢ ነው።

ወደ መድኃኒቶቹ ስመጣ፣ ከዘረዘሯቸው ውስጥ በመጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው በግፊት መድኃኒቶቹ ላይ አይደለም። ታምሱሎሲን የፕሮስቴትን ጡንቻ የሚያላላበት መንገድ የደም ቧንቧንም ሊያላላ ይችላል። አሚትሪፕቲሊንም እንዲሁ ቧንቧዎች እንዳይጠቡ ያደርጋል፤ በአረጋውያን ላይ ከመውደቅ ጋር በተደጋጋሚ ስሙ የሚነሳ መድኃኒት ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ በሽንት ውኃና ጨው ያስወጣል፤ ላብ በሚበዛበት የአዳማ ሙቀት ይህ ሲጨመርበት የደሙ መጠን ይቀንሳል። ማዞሩ ታምሱሎሲን ከተጀመረ ወዲህ የባሰ መሆን አለመሆኑን ቢያስታውሱ ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው። ዳይክሎፌናኩ ግን ዛሬውኑ ይቅር እላለሁ። ኢናላፕሪልን፣ የሽንት መድኃኒትንና ዳይክሎፌናክን አንድ ላይ መውሰድ ኩላሊትን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ጨጓራንም አቁስሎ ቀስ በቀስ ሊያደማ ይችላል፤ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂዱ። ለሕመማቸው ፓራሲታሞል ይቀላል። ደማቸው ሳይለካ የተሰጣቸው አይረንም ሰገራን ስለሚያጠቁር ይህን ምልክት ሊሸፍን ይችላል። የሄሞግሎቢን፣ የኩላሊትና የሶዲየምና ፖታሲየም ምርመራ ይደረግላቸው።

የወንድምዎን ሐሳብ በተመለከተ፣ የግፊት መድኃኒትን በራስ ውሳኔ ማቆም ትክክል አይደለም። ተኝተው 158 የሆነ ሰው ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ግፊት ያድራል፤ ልብና አንጎል የሚጎዱት በዚህ ነው። ብዙ ጊዜ እንደሚታሰበውም የግፊት ሕክምና ሁልጊዜ ሲቆሙ የሚወርደውን ግፊት አያባብስም። ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣውና ከ9,300 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት፣ ግፊታቸው ጠበቅ ተደርጎ በታከመላቸው ሰዎች ላይ ሲቆሙ የሚታየው መውረድ አልጨመረም፤ እንዲያውም በትንሹ አንሷል። ጥናቱ የስኳር ሕመም ያለባቸውንና አስቀድሞም ሲቆሙ ግፊታቸው በጣም ዝቅ የሚል ሰዎችን ስላላካተተ ለአባትዎ እንዳለ አይወሰድም። ሆኖም መልሱ መቁረጥ ሳይሆን መምረጥ እንደሆነ ያሳያል፤ የትኛው መድኃኒት ይቅር፣ የትኛው ይተካ፣ የትኛውስ በየትኛው ሰዓት ይወሰድ የሚለውን ከሐኪማቸው ጋር ተቀምጦ መወሰን ይገባል። አሚትሪፕቲሊንም ቢሆን የሚቀረው መጠኑ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው እንጂ በአንድ ሌሊት አይደለም።

የጦር ሜዳው ነገር ነው ወይ ለሚለው፣ እግር ላይ የቀረ ፍንጣሪ በራሱ ግፊትን አያወርድም። ነገር ግን የቀጠነ ባት ደምን ወደ ላይ የመግፋት አቅሙ ያነሰ ነው፤ እግሩ የተቆረጠ ወታደር ላይም ይህ ይታሰባል። የጀርባ አጥንት ላይኛው ክፍል ላይ ኅብለ ሰረሰርን የነካ ጉዳት ቢሆን ኖሮ ቀጥተኛ ምክንያት ይሆን ነበር፤ አንገት ላይ የደረሰ ጉዳትም ግፊትን ከፍና ዝቅ እያደረገ ሊያናውጥ ይችላል። በሌላ በኩል ቁስሉ የሕመም ማስታገሻን፣ ቅዠቱ የእንቅልፍ መድኃኒትን ያመጣል፤ የብዙ የቀድሞ ወታደሮች ችግር የሚጀምረው ከዚህ የመድኃኒት ክምር ነው። በአሜሪካ ለቀድሞ ወታደሮች ቅዠት ሲታዘዝ የኖረው ፕራዞሲን መጀመሪያ የግፊት መድኃኒት ነበር፤ በተለይ የመጀመሪያው መጠን ሲወሰድ ሰውን ራሱን ሊያስት ይችላል። ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ 304 የቀድሞ ወታደሮች ላይ ተሞክሮ ቅዠትን በመቀነስ ከማስመሰያ እንክብል አልበለጠም። በቬትናም የዘመቱትን ብንመለከት ደግሞ፣ እዚያ በተረጨው ኬሚካል ለተጋለጡት የአሜሪካ መንግሥት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፓርኪንሰን በሽታን ከአገልግሎታቸው ጋር የተያያዘ አድርጎ ይቆጥራል፤ ፓርኪንሰን ደግሞ ሲቆሙ ግፊት ከሚያወርዱት የነርቭ ሕመሞች አንዱ ነው። አባትዎ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ እርምጃቸው የሚያጥር ወይም ድምፃቸው የሚቀንስ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። ወታደር ሲቆም የሚያዞረው መሆኑ የተስተዋለው ዛሬ አይደለም፤ ጃኮብ ዳ ኮስታ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1871 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወታደሮች የሰበሰበውን ሲያሳትም፣ የልብ ትርታን፣ ድካምንና ማዞርን አብሮ ጽፏል። ያኔ ነገሩ «የልብ መናወጥ» ተብሎ ተጠርቶ ነበር፤ ዛሬ በመለኪያ መለየት ስለምንችል የአባትዎን «የጦር ሜዳው ነገር ነው» እንደ መጨረሻ መልስ መቀበል አይገባንም።

እስከ ቀጠሮው ድረስ የሚጠቅሙ ነገሮች አሉ። ጠዋት ከአልጋ ከመውረዳቸው በፊት ሁለት ብርጭቆ፣ ወደ ግማሽ ሊትር ውኃ ቶሎ ቢጠጡ በደቂቃዎች ውስጥ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። የአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር ጡብ ወይም እንጨት አስገብታችሁ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ትራስ መደራረብ አይተካውም። ይህ ሌሊት የሚጨምረውን ግፊት ያለዝባል፣ በሽንት የሚወጣውን ውኃም ይቀንሳል። ምሳ አንድ ጊዜ ሆድ እስኪሞላ ከመብላት ይልቅ ከፋፍለው ይብሉ፤ ከምግብ በኋላ ደም ወደ ሆድ ስለሚሄድ ወዲያው ባይነሱ ይመረጣል። ቆመው ሳሉ ካዞራቸው እግራቸውን አጠላልፈው ጭናቸውንና መቀመጫቸውን ጨምቀው ይያዙ። ቀን ቀን ሆድን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ሰፊ ቀበቶ ወይም መቀነት ከመነሳታቸው በፊት ታጥቀው ሲተኙ ቢፈቱት ይረዳል። እግርን የሚያጠብቅ ካልሲ ግን ስኳር ስላለባቸው የእግራቸው የደም ዝውውር ሳይታይ አይደረግ። ጨው ጨምሩ የሚል ምክርም ትሰሙ ይሆናል፤ ተኝተው ግፊታቸው ከፍ ለሚል ሰው ሐኪም ሳያዝ አይሆንም። ይህ ሁሉ ካልበቃ ፍሉድሮኮርቲሶንና ሚዶድሪን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ሁለቱም የተኙበትን ግፊት ይበልጥ ስለሚጨምሩ የሚሰጡት በጥንቃቄ ነው።

ተቀምጠው ወይም ተኝተው ሳሉ ራሳቸውን ከሳቱ፣ ደረታቸውን ካመማቸው፣ ልባቸው ያለ ሥርዓት ከመታ፣ አንድ ጎናቸው ከሰነፈ ወይም ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከተመቱ ቀጠሮ አትጠብቁ።

የሃምሳ አለቃው ልጅ

ዶክተር፣ እንዲህ ዘርዝሮ የነገረን ሰው አልነበረም፤ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ታምሱሎሲን ከጀመሩ በኋላ መባሱን እናታችንም አረጋግጣለች። አንድ ነገር ልጨምር፤ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ ነው የሚጾሙት፣ ስግደቱንም አይተዉም። ይህን እንዴት አድርጌ ልንገራቸው?

መልስ፦ ሰንበት ተማሪ (አዳማ)

እህቴ፣ ይህን አንቺ አትንገሪያቸው፤ የንስሐ አባታቸው ይንገሯቸው። ለሕመምተኛ ጾሙን ማቅለል የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ አባታችሁም ከልጃቸው አፍ ሲሰሙት እንደ ፈተና፣ ከንስሐ አባታቸው ሲሰሙት እንደ ቀኖና ይቀበሉታል። የሐኪሙን ማስረጃ ይዘሽ ወደ ካህኑ ሂጂ። ሙሉ ስግደቱ ቀርቶ ቆመው መቋሚያ ተደግፈው ራሳቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ፣ ወይም ተቀምጠው እንዲጸልዩ ሊፈቀድላቸው ይችላል።

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም (ሐዋሳ)

በተሰጠው ሐሳብ እስማማለሁ። ወቅቱ የአዳማ ሙቀት ከሚያይልበት ጊዜ ጋር ስለሚገጥም፣ የሽንት መድኃኒት ጠዋት ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይጠጡ መቆየት ለእሳቸው አደገኛ ነው። ለካህኑም ለሐኪሙም ይህንኑ በግልጽ ይንገሩ።

መልስ፦ ነርስ፣ ተመላላሽ ሕክምና (አዳማ)

ለቀጠሮው ስትሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከፋርማሲ በራሳቸው የገዙትንም ጭምር፣ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፤ በቃል የሚነገር ስም ይሳሳታል። የጠዋቱን ልኬት እስከዚያው ድረስ መዝግቡ፣ ከምሳ በኋላ ያለውንም ጨምሩበት። ክፍሉ ገብተው ወንበር ላይ ሊለኳቸው ሲሉ፣ ተኝተውና ቆመው እንዲለኩላችሁ በትሕትና ጠይቂ። አልጋ የለም ካሉም ተቀምጠው ከተለኩ በኋላ ቆመው ይለኩ፤ ከተቀመጡበት ሲነሱ የሚወርደው ከተኙበት ሲነሱ ከሚወርደው ያነሰ ሊሆን ስለሚችል፣ የቤቱን መዝገብ አብረሽ አሳያቸው።